በጎጆ ከተማ የሚናከሰው ቧንቧ

መነሻ

ከአምቦ የተነሣነው በየካቲት፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ተማሪዎች ለዕረፍት በተበተኑ ማግስት ነበር። ለጉዞው ምክንያት የሆነው አንድ የውሃ ቧንቧ ነው። በደጋው ላይ፣ በጎጆ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለው ይህ ቧንቧ የነካውን ሰው ሁሉ ይመታል፤ የከተማው ሰው «ይናከሳል» ይለዋል። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ጽጌ በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር በኩል ለትምህርት ቤታችን መልእክት ላኩ፤ «ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው ላኩልኝ። የመጣው ሰው ካላስተካከለው የችግሩ ምንጭ ነው የተባለው ትራንስፎርመር በማግስቱ በዚያው መኪና ተጭኖ ከከተማ ይወጣል ተብሏል» የሚል።

ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ርእሰ መምህሩ መልእክቱን ሲነግሩን እጄን ያወጣሁት ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ነበር። ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሺህ ጊዜ ስዬዋለሁ፤ ሰው የሚፈራትን ኤሌክትሪክ ግን ሄጄ ማየት ፈለግሁ።

ብቻዬን አልሄድኩም። ጋሽ ሸምሱ አብሮኝ መጣ። ጋሽ ሸምሱ በአምቦ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚሠራ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ በሥራው የሚኮራ ሰው ነው። አባቱ ከስልጤ መጥተው ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ግን ከጨርቁ ይልቅ ሽቦውን መረጠ። የመዳብ ሽቦ፣ የመዳብ ዘንግ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ በኬሻ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ሲጭን፣ እኔ ከቤተ ሙከራ የተዋስኩትን መሣሪያ በሁለት እጄ አቅፌ ቆሜያለሁ።

«ምን ታቅፈሃል፣ መምህር?» አለኝ።

«ምድር ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደምትቀበል የሚለካ መሣሪያ ነው። እጀታው ሲሽከረከር...»

«ጠየቅኩህ እንጂ አስተምረኝ መቼ አልኩህ?» ብሎ ሳቀ። «በል ውጣ። መንገድ ላይ እንቅልፍ ካጣሁ ታስረዳኛለህ።»

እስከ ጊንጪ

መልእክቱን ያመጣው ሾፌር ራሱ ነው የወሰደን። ሦስታችንም ከፊት ተደርድረን ተቀመጥን። የሁሉቃን ወንዝ ድልድይ ተሻግረን ወደ ምሥራቅ ስንታጠፍ ፀሐይ ፊት ለፊታችን ወጣች። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ አልቋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ገለባው በጉልላት በጉልላት ተከምሮ እንደ ወርቅ ያበራል። በስተደቡብ የደንዲ ተራሮች በሰማያዊ ጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ከእነዚያ ተራሮች መካከል በእሳት የተቦረቦረ ጉድጓድ ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል ብዬ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሾፌሩ ያውቀዋል፤ ጋሽ ሸምሱ ግን «እሳት በነበረበት ውሃ!» ብሎ ተገረመ።

ጊንጪ ላይ ሻይና ትኩስ ዳቦ ስንበላ ሾፌሩ ጠየቀኝ።

«ይህ ትራንስፎርመር የምትሉት ነገር እኔ ነኝ ወደ ጎጆ ጭኜ ያወጣሁት። ብረት ሳጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ምን አለ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣልኝ ዳቦዬን አስቀምጣለሁ። በአንድ የብረት እምብርት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች እንዳሉ፣ አንደኛው ከከተማው መስመር የሚመጣውን 220 ቮልት እንደሚቀበል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጤና ጣቢያው በርዳታ ላገኘው የሕክምና ዕቃ መቀቀያ የሚስማማውን 110 ቮልት እንደሚሰጥ አስረዳሁት።

«ሁለቱ ሽቦዎች የት ላይ ነው የሚገናኙት?»

«አይገናኙም።»

«እንዴት? ካልተገናኙ በየት በኩል ያልፋል?»

«በብረቱ ውስጥ በሚፈጠረው የማግኔት ኃይል ነው። የመጀመሪያው ጥቅልል ብረቱን ማግኔት ያደርገዋል፣ ብረቱ ሁለተኛውን ይቀሰቅሰዋል።»

ሾፌሩ ብርጭቆውን ይዞ ጥቂት አሰበ። «አማትና አማች ናቸው በለኛ! ፊት ለፊት ሳይተያዩ ይቀባበላሉ።»

ጋሽ ሸምሱ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «መምህር፣ ይህንን ሰሌዳህ ላይ ጻፈው!» አለኝ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ሁለተኛው ጥቅልል ከመጀመሪያው ስለማይነካካ አዲስ ምንጭ ነው። የከተማው መስመር ማመንጫው ዘንድ ከምድር ጋር ታስሯል፤ አዲሱ ምንጭ ግን ከምድር ጋር ገና አልተዋወቀም። ስለዚህ ትራንስፎርመር ባለበት ሕንፃ ሁሉ ያንን አዲስ ምንጭ በአንድ ቦታ ላይ ከምድር ጋር ማሰር ግድ ነው። አለዚያ ቤቱ ውስጥ የት እንደቆመ የማይታወቅ እንግዳ ገባ ማለት ነው።

ወደ ደጋው

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ መንገዱ ድንጋይ ብቻ ሆነ። መኪናው ይዘላል፤ እኔ መለኪያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከእርሱ ጋር እዘላለሁ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ እየጠነከረ፣ ሰማዩ እየቀረበ ሄደ። የጤፍ ማሳ ቀርቶ የገብስ ቃርሚያና የድንች መደብ መጣ። ጸጉራቸው እስከ ጉልበታቸው የወረደ በጎች መንገዱን ሞልተው፣ ለመኪናው ጡሩንባ ዞር ብለው ሳያዩ በራሳቸው ጊዜ ያልፋሉ። አንድ ጥምዝ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያበርድ ሲቆም ወርጄ ወደ ኋላ አየሁ። ያቋረጥነው ሜዳ በሙሉ ከእግሬ በታች ተዘርግቷል። ዓይን እስከሚችለው ድረስ አንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ አይታይም። ያ ሁሉ ምድር ዝም ብሎ ተኝቷል፤ የሰማይን መብረቅ ሁሉ ሲቀበል ኖሮ አንዲት ምልክት አይታይበትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

«በርዶህ ነው የምታወልቀው?» አለ ጋሽ ሸምሱ ከመስኮቱ።

ጤና ጣቢያው

ጎጆ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ሲስተር ጽጌ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልን፤ ቆመው እያዩን በላን። ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው የማይረዝም ሴት ናቸው።

«ኑ፣ እሱን ላሳያችሁ» አሉን።

ቧንቧው የማዋለጃው ክፍል ውስጥ ነው። እጀታው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ እንጨት ታስሮበታል፤ የሚከፍቱት በእንጨቱ ነው። የከተማው ጄኔሬተር የሚሠራው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ቧንቧው ቀን ቀን ሰላማዊ ነው። ማታ ይናከሳል።

«ጫልቱ የምትባል ልጅ አለች» አሉ ሲስተር። «የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የኦቦ ዳባ ልጅ ናት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ቀኗ ደርሷል። ሕፃኑ ተገልብጧል፤ በእግሩ ነው የሚመጣው። ቤቷ ከወለደች አንዳቸውን፣ ምናልባትም ሁለቱን እናጣለን። ባለፈው ለምርመራ መጥታ መሽቶባት ኖሮ እጇን ልትታጠብ ስትል ቧንቧው ወርውሮ ጣላት። አባቷ ተሸክመዋት ወጡ። ከዚያ ወዲህ 'ያ ሳጥን እዚያ ቤት ውስጥ እያለ ልጄ አትገባም' ነው የሚሉት።»

«ሳጥኑ ቢሄድስ?» አልኩ።

«ሳጥኑ ከሄደ መቀቀያው አይሠራም። ምላጬንና መቀሴን በምን ላጽዳ? እንዲህ ያለ ወሊድ ላይ ቆሻሻ ዕቃ ይዤ አልገባም።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አባትየው የሰጡኝ ጊዜ እስከ ነገ ነው።»

ኦቦ ዳባ መምጣታችንን ሰምተው በር ላይ ቆመው ነበር። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የለበሱ፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ቀለል አላቸው።

«አንተ ነህ አስተማሪው? ገና ልጅ ነህ።»

«በትምህርት አርጅቷል፣ ኦቦ» አለ ጋሽ ሸምሱ። «ሲናገር ይሰሙታል፤ አይቆምም።»

ደረቁ ዘንግ

ሥራ የምጀምረው ከመጠየቅ ነው። ኃይሉ ከየት ወጥቶ ቧንቧው ላይ ደረሰ? ጋሽ ሸምሱ የትራንስፎርመሩን ክዳን ፈቶ በባትሪ አየና ጠራኝ። ከከተማው መስመር የሚገባው ሽቦ ሽፋኑ ከሳጥኑ አፍ ጋር ተፋትጎ አልቋል፤ እርቃኑን የወጣው መዳብ የብረት ሳጥኑን ነክቶታል። ያንን የሚያዘልል መንገድ አስታወስኩ። ሳጥኑ ከመቀቀያው፣ መቀቀያው ከቧንቧው በብረት ይያያዛል። ጥርሱ የመጣው ከዚህ ነው።

ግን ሳጥኑ የምድር ሽቦ አለው። ሽቦው ከግድግዳው ወጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋር ታስሯል። ዘንጉ ይህንን ኃይል ተቀብሎ ወደ ምድር መስደድ ነበረበት። ለምን እምቢ አለ?

ወጥተን አየነው። ዘንጉ ንጉሥ የተቀበረበት ይመስላል። ዙሪያውን ድንጋይ ተነጥፎ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቦይ ተቆፍሮ፣ ከላዩ ቆርቆሮ ተደፍቶበታል። አንዲት ጠብታ ውሃ እንዳትደርስበት የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል። የመለኪያዬን እጀታ ሳሽከረክር ቀስቷ ወደ ከፍተኛው ቁጥር ሮጣ ቀረች። ያ አፈር እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ደረቅ አፈር ደግሞ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም።

«ማን ነው ይህን የሠራው?» አለ ጋሽ ሸምሱ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጥበቃው አቶ ቶለሳ፣ በኩራት። «ሠራተኞቹ ዘንጉን የተከሉት ባለፈው ክረምት ነበር፤ የጣሪያው ውሃ በሙሉ ይወርድበት ነበር። ከሄዱ በኋላ እኔ አዳንኩት።»

«ከምን አዳኑት?»

«ከውሃ ነዋ! የጄኔሬተሩ ቤት በር ላይ ተጽፏል፤ 'ውሃ አታስጠጉ፣ ይገድላል።' ራሴ ነኝ ያነበብኩት።» ደረታቸውን በጣታቸው ነኩ። «በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ ሰው ሳያግዘኝ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። ታዲያ አንብቤ ዝም ልበል?»

ጋሽ ሸምሱ ሊስቅ ከንፈሩን ከፍቶ ዘጋው። እኔም መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ሰው ከስልሳ ዓመት በኋላ ማንበብ ተምሮ፣ ባነበበው ቃል አምኖ፣ በብርድ ድንጋይ ተሸክሞ ይህንን ሁሉ ገንብቷል። የተጻፈው እውነት ነው፤ ያልተጻፈው ግን ግማሹ ነው።

«አባቴ፣ ቃሉ ልክ ነው» አልኳቸው። «ለሽቦው ልክ ነው። ዘንጉ ግን ሥር ነው። ሥር ሲደርቅ ምን ይሆናል?»

ቆርቆሮውን ብዙ ጊዜ አዩት። «ውይ» አሉ በመጨረሻ። «አስጠምቼዋለሁ?»

ጨፌው

በየካቲት እርጥብ አፈር የት ይገኛል? ከጤና ጣቢያው ጀርባ ጨፌው አለ። ጨፌ ማለት ምንጭ የሚያርሰው፣ በበጋም ሣሩ የማይጠወልግ መስክ ነው። ከብት የሚግጥበት ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመክሩበት፣ እርጥብ ሣር ይዘው የሚመርቁበት ቦታ ነው። ያለ እነሱ ፈቃድ ብረት አይተከልበትም። ኦቦ ዳባ አራት ሽማግሌዎች አስጠሩና ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ከእግራችን ሥር ውሃው ጭቅ ጭቅ ይላል።

«ያንን እሳት ለዚህ ምድር ልታበሉት ነው» አሉኝ ኦቦ ዳባ። «ላሟ ይህንን ሣር ስትግጥ ምን ትሆናለች?»

ጋሽ ሸምሱ እግሬን በጫማው ጫን አደረገው። አጭር መልስ ስጥ ማለቱ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ መሆኑን ስለማውቅ እውነተኛውን ነገርኳቸው።

«ብዙ ኃይል ወደ ዘንጉ ቢፈስ አጠገቡ የቆመ ከብት ይመታል። ከሰው ይልቅ ይመታል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለምን ከሰው ይልቅ?» አሉ ኦቦ ዳባ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ኃይሉ ከዘንጉ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። የሰው ሁለት እግር ቅርብ ለቅርብ ነው። የበሬ የፊት እግሩና የኋላ እግሩ ግን ይራራቃል፤ በአንዱ እግሩ ብርቱውን፣ በሌላው ደካማውን ይረግጣል። ኃይሉ በመካከላቸው፣ በሆዱ በኩል ያልፋል።»

ኦቦ ዳባ በዱላቸው ከጨፌው ዳር ያለ አንድ ዛፍ አመለከቱ። ከዚያ በኦሮምኛ ለሽማግሌዎቹ፣ ቀጥሎም ለእኛ በአማርኛ ተናገሩ። «ከዚያ ዛፍ ሥር መብረቅ ወርዶ ነበር። ወንድሜ ሁለት በሬዎች ይዞ ቆሟል። በሬዎቹ ሞቱ፤ ወንድሜ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። ለምን እሱን ተወው እያልን ስንት ዓመት ተጨነቅን። ሰውም ክፉ ነገር አወራበት።» ሣር ነጭተው በጣታቸው አሻሹ። «የእግር ነገር ነው?»

«የእግር ነገር ነው፣ ኦቦ።»

እኔ ያንን ትምህርት ከመጽሐፍ ነበር የተማርኩት። አንድን ሰው ከሐሜት ነፃ ሊያወጣ እንደሚችል አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ ቀጥዬ ዘንጉ ብቻውን እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ዋናው መመለሻ በቤቱ ውስጥ የምናስረው ወፍራም መዳብ ነው፤ ችግር ሲመጣ ኃይሉ በእርሱ በኩል ወደ መጣበት በብርቱ ይመለሳል፣ ፊውዙም ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ ሳይቆይ ይቀልጣል። ምድር የምትሸከመው ጥቂቱን ነው። ቢሆንም ዘንጉን ዳር ላይ ተክለን በአጥር እንከልለዋለን አልኩ። ኦቦ ዳባ ተነሡና ቦታውን ራሳቸው በዱላቸው ወጉት። ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሩ።

«ቶለሳ፣ በጋው ከከረረ ውሃ የምታጠጣው አንተ ነህ።»

«ኤ፣ አጠጣለሁ» አሉ አቶ ቶለሳ። ዲጂኖውን ከጋሽ ሸምሱ እጅ የቀሙት እሳቸው ናቸው።

ማሰር

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አሰርን። ጋሽ ሸምሱ የተጎዳውን ሽቦ ቆርጦ አዲስ ቀጠለ፤ የሳጥኑን አፍ በጎማ ሸፈነ። ከዚያ የትራንስፎርመሩን ሳጥን፣ የሁለተኛውን ጥቅልል አንድ ጫፍ፣ የውሃ ቧንቧውን፣ የብረት በሩን፣ የማዋለጃውን አልጋ እያንዳንዳቸውን በመዳብ ሽቦ ወደ አንድ የመዳብ ሰሌዳ አመጣናቸው። ሰሌዳውን ኃይሉን ወደ ማመንጫው ከሚመልሰው፣ ከከተማው መስመር ገለልተኛ ሽቦ ጋር መግቢያው ላይ፣ ከጨፌው ዘንግ ጋርም በወፍራም ሽቦ አያያዝነው።

«ለምን አልጋው ጭምር?» አሉ ሲስተር ጽጌ።

«ሰው የሚመታው ሁለት ነገር ሲነካና ሁለቱ ሲለያዩ ነው» አልኳቸው። «ቧንቧውና አልጋው አንድ ከሆኑ በመካከላቸው ያለችው ሴት ምንም አይደርስባትም።»

የመለኪያዬን እጀታ እንደገና ሳሽከረክር ቀስቷ ከዜሮው አጠገብ ሳትርቅ ተቀመጠች። ምድር ተቀበለች።

ጄኔሬተሩ ሲነሣ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው በሰው ተሞላ። ጄኔሬተሩ ሲያጓራ ትራንስፎርመሩ ማንጎራጎር ጀመረ። መጀመሪያ ሰውን ሁሉ አርቀን፣ ጋሽ ሸምሱ ሆን ብሎ በማብሪያ በኩል የመስመሩን ኃይል ሳጥኑ ላይ ለቀቀው። ጧ! አለ ፊውዙ። ቤቱ ጨለመ። እንደ በፊቱ ቢሆን ኃይሉ ቧንቧው ላይ ተኝቶ ሰው ይጠብቅ ነበር፤ አሁን ግን ራሱን አጠፋ።

«ተበላሸ!» አለ አንድ ሰው።

«ዳነ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ሸምሱ። ለሙከራ ያሰረውን ሽቦ ነቅሎ አዲስ ፊውዝ ከተተ። መብራቱ በራ። ቮልቱን ቧንቧው ላይ ለካሁት፤ ምንም የለም።

ኦቦ ዳባ ግን አልተነቃነቁም። «ጠላ የቀዳ ቀድሞ ይቀምሳል» አሉ።

ትክክል ናቸው። ጫማዬን አወለቅሁ። ወለሉ በውሃ ርሷል። መለኪያውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ፤ ልቤ ግን ይመታል። እንጨቱን ፈትቼ ጣልኩና በእርጥብ እጄ ቧንቧውን ያዝኩት።

ብርድ። ብርድ ብቻ። የደጋ ውሃ ነው።

ቀጥለው አቶ ቶለሳ ታጠቡ። ከዚያ ኦቦ ዳባ ጋቢያቸውን ለሲስተር ጽጌ ሰጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። እጃቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ፊታቸውን በዝግታ ታጠቡ። ሲጨርሱ ውሃው ከጢማቸው እየተንጠባጠበ ሲስተርን ብቻ አዩ።

«ጠዋት አመጣታለሁ።»

መመለስ

በማግስቱ መኪናው የተመለሰው ድንች ጭኖ ነው። ከከተማው ወጣ ብለን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሾፌሩ ወደ ዳር ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ። ከታች ጎልማሶች ቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተቀያየሩ፣ በዝማሬ እየተቀባበሉ ይመጣሉ። ኦቦ ዳባ ከፊት ናቸው። ሲያልፉን ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። ጫልቱ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችን፤ የፈራች ልጅ ፊት ነው። ጋሽ ሸምሱ ያን ዕለት እስከ ጊንጪ ድረስ አንድ ቀልድ አልተናገረም።

አምቦ ስገባ ሁሉቃ እንደ ወትሮው ይፈሳል። ትምህርት ሲጀመር ስለ ምድር ሽቦ የማስተምርበትን መንገድ ለወጥኩ። ድሮ ከሕጉ ነበር የምጀምረው፤ አሁን ከበሬውና ከሰውየው እጀምራለሁ። ተማሪ ሕግ ስነግረው «ለምን?» ብሎ እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም፤ ግማሽ ቃል ሰው ያስጠማል። ምድርን ደግሞ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ ሥዕል ምልክቷ በሆኑት ሦስት አጫጭር መስመሮች ሰሌዳ ላይ ስስላት እጄ ዝግ ይላል።

ሾፌሩ እንደገና ከጎጆ የወረደው መጋቢት ላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስጠራኝ።

«ሲስተር እንዲህ በልልኝ ብለዋል፤ በእግሩ መጣ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ይኼ ደግሞ ከአቶ ቶለሳ ነው። ምንም አላሉም፤ ስጠው ብቻ ነው ያሉት።»

በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ነው። ፈታሁት። የጨፌ ሣር ነበር፤ ከዘንጉ አጠገብ የተነጨ መሆን አለበት። አገር በሙሉ በደረቀበት በዚያ ወር፣ ያን ሁሉ አቧራ አቋርጦ መጥቶ፣ ስጨብጠው ውሃው በጣቶቼ መካከል ወረደ።